ቸርችል ጎዳና ተቀምጦ ቸርችልን መምረጥ፦ እናት የዋልታ ድብን ከነግልገሎቿ ለማንሳት የትኛው ጉዞ ይሻላል?

ፎቶ ቤቴ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ሲወርዱ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርሱ። አምና አንድ የቆየ ደንበኛዬ ገባና «ጋሼ፣ ቸርችል ልሄድ ነው» አለኝ። «ደርሰሃል፣ ቁጭ በል» አልኩት።

እሱ የሚለው ካናዳ ያለችውን ቸርችል ነው፤ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችውን ትንሽ ከተማ። ነገሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። የእኛ ጎዳና የተሰየመው በዊንስተን ቸርችል ነው። የእነሱ ከተማ ደግሞ በጆን ቸርችል ስም ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሃድሰን ቤይ ኩባንያን ይመራ በነበረው መኮንን። ዊንስተን የእሱ ዘር ነው። የአንድ ቤተሰብ ስም እዚህ ታክሲ ይጠበቅበታል፣ እዚያ ድብ።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። በረዶ ላይ የተኛች እናት ድብ ናት። ሁለት ግልገሎች አሏት። አንዱ ጀርባዋ ላይ ወጥቷል። ሌላው ከብብቷ ሥር አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጓል። «የማነሳው ይቺን ነው» አለኝ። መቼ ነው የምትሄደው ስለው «ጥቅምት» አለ። አስጎብኚ ድርጅቱ ለማስታወቂያ የለጠፈው ያንን ፎቶ ነው፤ የሚሸጠው ግን የጥቅምት ጉዞ ነው። ጥቅምት ላይ ያን የሚያህል ትንሽ ግልገል ከነጭራሹ የለም። ቀብድ ሊከፍል ሁለት ቀን ነበር የቀረው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ይህንኑ ጠይቀውኛል። እኔ እህቴ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ በነበረችበት ጊዜ የጥቅምቱን ጉዞ ሄጄ አይቻለሁ። ትንንሽ ግልገሎች የሚታዩበትን የመጋቢቱን ጉዞ ደግሞ ልጁ ሄዶ መጥቷል። ስለዚህ ሁለቱን በደንብ አነጻጽራለሁ። ሌሎቹን ነካ ነካ አድርጌ አልፋለሁ።

ፎቶውን የሚመርጠው ወሩ ነው

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው አገር?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት «የትኛው ወር?» ነው።

ግልገሎቹ የሚወለዱት በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ነው፣ እናትየው በቆፈረችው ዋሻ ውስጥ። አብዛኛውን ጊዜ መንታ ናቸው። ሲወለዱ ክብደታቸው ከግማሽ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ዓይናቸው አልተገለጠም። ወተቷ ሢሶው ገደማ ስብ ስለሆነ ቶሎ ያድጋሉ። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ከዋሻው ሲወጡ አሥር ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ከወፍጮ ቤት አንጠልጥላችሁ የምትመጡት ፌስታል ጤፍ በሉት።

እናትየው ግን ያን ሁሉ ጊዜ አልበላችም። የሃድሰን ባሕረ ሰላጤ በረዶ ሐምሌ አካባቢ ሲቀልጥ ወደ የብስ ትወጣለች። ምግቧ አቆስጣ የሚባል በባሕር የሚኖር አጥቢ እንስሳ ነው፣ አቆስጣ ደግሞ የሚታደነው በረዶ ላይ ነው። ሌሎቹ ድቦች ኅዳር ላይ ባሕሩ እንደገና ሲረጋ ወደ አደናቸው ይመለሳሉ። እርጉዟ ትቀራለች። ወልዳ፣ አጥብታ፣ ግልገሎቿን ይዛ ወደ ባሕሩ እስክትመለስ ስምንት ወር ገደማ ትጾማለች። እኛ ሁዳዴ 55 ቀን ሆኖብን ፋሲካ ስንት ቀን ቀረው እያልን እንቆጥራለን።

ከዋሻው እንደወጣች ወዲያው አትሄድም። ግልገሎቹ ብርዱን እስኪለምዱና እግራቸው እስኪጸና ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ያህል እዚያው አካባቢ ትቆያለች። ከዚያ ወደ ባሕሩ ትጓዛለች። ልጁ ስልክ ላይ ያሳየኝ ፎቶ የሚነሳው በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት መሆኑ ነው፤ የመጋቢቱ ጉዞ የምለውም ይህንኑ ነው። ጥቅምት ላይ ያው ግልገል ከትልቅ ውሻ በልጧል። ቆንጆ ነው፣ ነገር ግን ሌላ ፎቶ ነው።

መጋቢት፦ ዋፐስክ

ዋፐስክ ከቸርችል በስተደቡብ የሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን 11,475 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ስሙ ክሪ በሚባለው የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ «ነጭ ድብ» ማለት ነው። በዓለም ላይ የዋልታ ድብ እናቶች ብዛት ያለው ዋሻ ከሚቆፍሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። መኪና መንገድ አይገባበትም። ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ውጭ ብቻችሁን ልሂድ ብትሉ አይሆንም። ባይሆንም ጥሩ ነው።

ውሎው እንዲህ ነው። መንገድ ጠቋሚዎቹ በማለዳ በበረዶ ሞተር ይወጣሉ። ፈለግ ይፈልጋሉ። የእናት ኮቴ አጠገብ ትናንሽ ኮቴዎች ካዩ በሬዲዮ ይጠራሉ። እናንተ ሰንሰለት ጎማ ባለው መኪና ትከተላላችሁ። ከእንስሳዋ ቢያንስ መቶ ሜትር ርቃችሁ ትቆማላችሁ፤ የፓርኩ ደንብ ነው። ትራይፖዱን፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ፣ ትዘረጋላችሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው።

መጠበቅ ስል ሠርግ ቤት ሙሽራ እንደ መጠበቅ እንዳይመስላችሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ነው። ነፋስ ሲነሳ እንደ 50 ይሰማል። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች። ግልገሎቹ ከፊቷ ናቸው፣ አይታዩም። አራት ሰዓት ልትተኛ ትችላለች። ስምንት ወር ያልበላች እናት ትተኛ እንጂ ምን ታድርግ? ደንበኛዬ ከሰባት የፎቶ ቀን እናት ያየው በሦስቱ ነው። አንዱን ቀን ማዕበል ቤት ዘግቶባቸው ዋለ። ሦስት ቀን ፈለግ ተከትለው ያገኙት ባዶ ዋሻ ነው። ግልገሎቹ ወጥተው ሲጫወቱ ያየው አንድ ቀን፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል ነው። «አርባ ደቂቃዋ ትበቃኛለች» ይላል። ሁሉም ሰው ግን እንደሱ አይደለም። አብሮት ከነበሩት አንዱ ለአስጎብኚው ገንዘቤን መልሱ ብሎ ተጣልቷል አሉ።

ብርሃኑ ሌላው ትርፍ ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ቀኑ ረዝሟል፤ ፀሐይዋ ግን ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ማታ ደግሞ ሰማዩ ከጠራ አረንጓዴው የሰሜን ብርሃን ይወጣል። ድብ የጠፋበትን ቀን እሱ ይክሳል።

ወቅቱ ከሁዳዴ ጋር እንደሚገጥም አትርሱ። የምትጾሙ ከሆነ ስትመዘገቡ ንገሩ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ብላችሁ ዘርዝሩ፤ «ጾመኛ ነኝ» ብቻ ካላችሁ እርጎ ያመጡላችኋል።

ጥቅምት፦ ቸርችል

ይኸኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድቦቹ ባሕሩ እስኪረጋ ቸርችል አካባቢ ይሰበሰባሉ። ወንዝ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚያስገባው ጨው አልባ ውኃ እዚያ አካባቢ ቀደም ብሎ ስለሚረጋ ነው። እናንተ የምትጓዙት ጎማው ሰው በሚያክል ትልቅ አውቶቡስ መሳይ መኪና ነው። ውስጡ ማሞቂያ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ሾርባም ያቀርባሉ። ከኋላ ክፍት በረንዳ አለው። ድቡ ራሱ መጥቶ ጎማውን ያሸታል።

በሦስት ቀን ውስጥ ድብ ሳላይ የቆየሁበት ሰዓት ጥቂት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ያየኋቸው አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ወንድ ድብ ለግልገል አደጋ ነው። ስለዚህ እናቶች ወንዶች ከሚበዙበት ቦታ ይርቃሉ። እናት ከነሁለት ግልገሎቿ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። ቡናማው ሣር መሃል ቆመው ነበር። ሌንሴን አስተካክዬ ስድስት ሰባት ጊዜ እንደተኮስኩ ከሩቅ አንድ ግዙፍ ወንድ ከች አለ። እናትየው አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አነሳች። ከዚያ ምንም ሳትሮጥ፣ ግን ምንም ሳትቆም፣ ልጆቿን ይዛ ሄደች። ያነሳሁት ሦስት ጀርባ ነው። ሱቄ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ «ለምን ከኋላ?» ይለኛል።

ሌላው ጉድለት ከፍታው ነው። መኪናው ረዥም ስለሆነ ድቡን ቁልቁል ታያላችሁ። እናትና ልጅ ቁልቁል ሲታዩ ፎቶው ይሞታል። መፍትሔው መኪናው ራቅ ሲል ማንሳት ነው፤ ርቀት ሲጨምር ማዕዘኑ ዝቅ ያለ ይመስላል። በረዶም ላይኖር ይችላል። ጥቅምት ላይ መሬቱ ድንጋይና ሣር ነው። ነጭ በነጭ ፎቶ ከፈለጋችሁ ወደ ወሩ መጨረሻ መሄድ ይሻላል።

ጥቅምት ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ መቀነስ ይቻላል። የመጋቢቱ ጉዞ እንደ ሙሉ ዶሮ ነው፤ ወይ ሙሉውን ትገዛላችሁ ወይ ትተዋላችሁ። ከአዲስ አበባ የሚያደርሰው ትኬት ሳይታሰብ ከአሥር ሺህ ዶላር የሚያልፍ ብዙ ነው። የጥቅምቱን በየብልቱ መግዛት ይቻላል። ቸርችል ውስጥ ትንሽ ማረፊያ ትይዛላችሁ። የድብ መኪናውን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ ትከፍላላችሁ። ከዊኒፔግ በአውሮፕላን ፋንታ በባቡር ትሄዳላችሁ። ወደ ቸርችል የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም። ባቡሩ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ሁለት ቀን ይፈጃል። የድሮው የለገሃር ባቡር እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ እጥፉን አስቡት። ሰሜን ሲገባ ሐዲዱ የተዘረጋው በረዶ በያዘው አፈር ላይ ስለሆነ ቀስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጎርፍ ሐዲዱን ቆራርጦት ከተማዋ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ባቡር ቆይታለች። ስለዚህ በባቡር የምትሄዱ ከሆነ ከድብ መኪናው ቀጠሮ በፊት አንድ ትርፍ ቀን ያዙ። እኔ አልያዝኩም። ስምንት ሰዓት ዘግይተን ገብተን ቀጠሮዬ ላይ የደረስኩት ፊቴን ሳልታጠብ ነው።

ከተማዋ ራሷ ደስ ትላለች። ነዋሪው ከሺህ አይሞላም። ብዙ ሰው የመኪናውን በር አይቆልፍም፤ ድብ መንገድ ላይ ቢመጣ የሚያመልጥ ሰው እንዲገባበት ነው። እዚህ መኪና ሳይቆልፉ መሄድን አስቡት።

ስቫልባርድና ሌሎቹ

ስቫልባርድ የኖርዌይ ደሴቶች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያስበው ወደ አውሮፓ ስለሚቀርብ ነው። መልክዓ ምድሩ ድንቅ ነው፤ ተራራ፣ የበረዶ ግግር፣ ሰማያዊ ብርሃን። ለእናትና ግልገል ግን አልመክርም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ከድብ 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፣ በቀረው ጊዜ 300 ሜትር። ግልገል ከዋሻ የሚወጣው ደግሞ ልክ በዚያው የ500 ሜትር ወቅት ነው። ዋነኛው የዋሻ ቦታ ኮንግ ካርልስ ላንድ ለጎብኚ ጭራሽ ዝግ ነው።

500 ሜትር ስንት እንደሆነ በሌንስ ላሳያችሁ። ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም (ሰፊ ሴንሰር ባለው) ካሜራ መቶ ሜትር ላይ የሚያሳየው ስድስት ሜትር ወርድ ነው። ሁለት ሜትር የምትረዝም እናት ብትጋደም ሢሶውን ትሞላለች፤ አሪፍ ነው። በ500 ሜትር ግን ወርዱ 30 ሜትር ይሆናል። እናትየው አንድ አሥራ አምስተኛ፣ ግልገሉ ደግሞ ነጥብ። ሕጉ ልክ ነው፣ እኔ አልቃወምም። ተራራውን ዋና አድርጎ ድቧን እንደ ቅመም ለሚያስገባ ሰው ምርጥ ቦታ ነው። ፊቷን ለሚፈልግ አይሆንም። አንድ ነገር ደግሞ፦ ስቫልባርድ ከሼንገን ክልል ውጭ ናት። በኖርዌይ አልፋችሁ ሄዳችሁ በዚያው ስለምትመለሱ ቪዛችሁ ሁለቴ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንዴ የሚያስገባ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መመለሻው ላይ ጣጣ ነው።

ባፊን ደሴት የሚባልም አለ፣ ካናዳ ውስጥ፣ ኑናቩት ግዛት። ኢኑይት በሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝብ አስጎብኚዎች መሪነት፣ በበረዶ ሞተር በሚጎተት ሸርተቴ፣ በረጋ ባሕር ላይ። እናቶች ግልገሎቻቸውን ይዘው አቆስጣ ሲያድኑ ይታያል። ብርድ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚሄድበት ቦታ አይደለም። ሁለተኛ ጉዞ ይሁን።

ድርጅት ስትመርጡ

ወሩንና ቦታውን ከወሰናችሁ በኋላ ድርጅት ትመርጣላችሁ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። መጀመሪያ ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ በየትኛው ወር እንደተነሳ ጠይቁ። ካፈሩ ሌላ ፈልጉ። ቀጥሎ ከጉዞው ቀናት ስንቱ ሜዳ ላይ እንደሆነ ጠይቁ። «የአሥር ቀን ጉዞ» ሲባል አራቱ በአውሮፕላንና በሆቴል ሊያልቁ ይችላሉ። ለመጋቢት ከስድስት የሜዳ ቀን በታች አትግዙ፤ አንድ ማዕበል ሁለቱን ይበላዋል። በአንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚሄድም ጠይቁ። መስኮቱ አራት፣ ሰዉ አሥር ከሆነ ግማሹን ጊዜ የሰው ጆሮ ነው የምታነሱት።

«በጣም እናስጠጋችኋለን» የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ተዉት። እናት ከተረበሸች ዋሻውን ትታ ልትሄድ ትችላለች። ግልገሎቹ ደግሞ ገና ብርዱን አልለመዱም። ብዙ ግልገል የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይሞላ ይሞታል። በዚያ ላይ እኛ መጨመር የለብንም። የምዕራብ ሃድሰን ድቦች እ.ኤ.አ. በ2016 ሲገመቱ 842 ነበሩ። በ2021 ግምቱ 618 ሆኗል። የባሕሩ በረዶ ቀድሞ እየቀለጠ፣ ዘግይቶ እየረጋ የማደኛ ጊዜያቸው አጥሯል። ልጁም «በኋላ እሄዳለሁ» ማለቱን የተወው ይህን ሲሰማ ነው።

ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች ከሁሉም በላይ ያለው ጥያቄ ግን የቪዛ ነው፦ ቪዛ ቢከለከል ቀብዱ ይመለሳል ወይ? ይህን በጽሑፍ ያዙ። በስልክ «ችግር የለም» መባል አይበቃም። እኔን የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ወኪል «ችግር የለም» ብሎኝ ቀብዴ እስካሁን እሱ ጋር ነው። የካናዳ ቪዛ ጊዜ ይወስዳል። ለመጋቢት የምትሄዱ ከሆነ በመስከረም ጀምሩ። የባንክ ማስረጃ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የጉዞው ውል አንድ ላይ ይሁኑ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሆነ ዶላሩን ዛሬ ባለው ሒሳብ አትቁጠሩ፤ በላዩ ጨምሩበት። ቦሌ ስትወጡ ካሜራና ሌንሱን ጉምሩክ አስመዝግቡ። ስትመለሱ «አዲስ ነው፣ ቀረጥ» ከሚል ክርክር ያድናችኋል።

ካሜራው ከዶሮ ጋር

ብርድን በወሬ ማመን አይቻልም። እኔና ልጁ ፈተንነው። ከሱቄ አጠገብ ያሉት እትዬ ትልቅ ማቀዝቀዣ አላቸው፣ ዶሮና አይስክሬም የሚሸጡበት። 18 ከዜሮ በታች ላይ ነው የሚሠራው። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልለን ይዘን ሄድን። «ምን? ካሜራ ከዶሮ ጋር?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ራሳቸው ዶሮውን ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡን።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስናወጣው ባትሪው 80 በመቶ ሲል የነበረው ቀይ ያበራል። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል እንደ ብርድ ቀን ማር ነው የሚንቀሳቀሰው። ልጁ ባትሪውን አውጥቶ ብብቱ ሥር ለአሥር ደቂቃ ያዘውና ሲመልሰው 60 አለ። ባትሪው አላለቀም፣ ደንዝዞ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አራት ባትሪ፣ ሁሉም ከውስጠኛው ልብስ ኪስ። እየቀያየሩ ማሞቅ ነው።

ትልቁ ትምህርት ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ካሜራውን ለማሳየት ከፌስታሉ አወጣው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሌንሱ ላብ በላብ ሆነ። እትዬ ቡና እያፈሉ ስለነበር እንፋሎቱም ረድቶታል። ሜዳ ላይ ሆናችሁ ወደ ሞቀ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን አየር በማያስገባ ፌስታል እዚያው ውጭ ዝጉት። ሜሞሪውን ቀድማችሁ አውጡ፣ አለበለዚያ ፎቶውን ለማየት ስትቸኩሉ ትከፍቱታላችሁ። ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ።

ሌንስን በተመለከተ ለመጋቢት እስከ 600 የሚደርስ ዙም ይበቃል፤ 150-600 ወይም 200-600። ባለ 400 ሌንስ ከመቶ ሜትር ርቀት የሚያሳየው ዘጠኝ ሜትር ወርድ ነው፣ ግልገሉ ያንሳል። ለጥቅምት ግን 100-400 ይሻላል፤ ድቡ መኪናው ሥር ሲመጣ ባለ 600ው ዓይኑን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ።

ነጭ ላይ ነጭ ማንሳትን ለመለማመድ ካናዳ መሄድ አያስፈልግም። ከተራ ዕለት ጃንሜዳ ሂዱ። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በአውቶማቲክ ስታነሱ ነጠላው ግራጫ ይወጣል። ካሜራው ነጩን «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ (የብርሃን መለኪያው ነው) ከፍ አድርጉት። በረዶም እንደዚያው ነው። የድቧ ፀጉር ግን ፍጹም ነጭ አይደለም፣ ወደ ቅቤ ያደላል። በረዶው ወደ ሰማያዊ። ያንን ልዩነት ኮምፒውተር ላይ አታጥፉት፤ እናቲቱን ከበረዶው የሚለያት እሱ ነው።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ጋቢ አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሜዳውን ካፖርትና ጫማ ድርጅቶቹ ያከራያሉ፤ እዚያ ተከራዩ፣ ከዚህ አትግዙ። ቀጭን ጓንት ከውስጥ፣ ወፍራም ከላይ። ብረት በባዶ እጅ አትንኩ። ቆሎ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ቸኮሌት እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ ቆሎ ግን ምንም አይሆንም። አስጎብኚው ከልጁ ኪስ እየዘገነ ሲበላ እንደነበር ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ሳነቴ

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ቀን ባሌ ሂዱ። ሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ በበጋ ማለዳ ውርጭ ይጥላል። ቀይ ቀበሮ እዚያ አለ። በዓለም 500 ያህል ብቻ ነው የቀረው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይወልዳሉ፣ ቡችሎቹ በኋላ ከጉድጓድ ይወጣሉ። ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር ራቅ ብላችሁ ቁሙና ጠብቁ። ያለ ስልክ፣ ያለ ወሬ፣ አራት ሰዓት።

እዚያ ከተሰላቻችሁ ለመጋቢት አትሂዱ፤ የጥቅምቱ ለእናንተ ነው፣ ምንም ነውር የለውም። ማሞቂያው አለ፣ ሾርባው አለ፣ ድቡም አለ። ገንዘባችሁ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከሆነና ባዶ እጅ መመለስ የሚያሳምማችሁ ከሆነም ጥቅምት። አራቱ ሰዓት ሳይታወቃችሁ ካለፈ ግን ሁለት ዓመት ቆጥቡና መጋቢትን ያዙ። በሁለቱ መካከል ያለች «ትንሽም ግልገል፣ ብዙም ድብ፣ ርካሽም» የምትባል ጉዞ የለችም። ካገኛችሁ ማስታወቂያ ናት።

ልጁ ሳነቴ ላይ አምስት ሰዓት ቆሞ መጣ። ከዚያ የጥቅምቱን ሰረዘ።

ባለፈው ሳምንት ፎቶውን ይዞ መጣ። 60 በ90 እንዳትምለት ነው የፈለገው። የመጀመሪያውን ሳወጣው ማሽኑ በረዶውን ቢጫ አደረገብኝ፣ ጣልኩት። ሁለተኛው ልክ መጣ። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች። ከጎኗ በላይ አንድ ትንሽ ጆሮ ብቻ ይታያል፣ ሌላ ምንም። ከአርባ ደቂቃው ጨዋታ የተነሱ ከመቶ በላይ ፎቶዎች አሉት። «ለምን ይቺን?» አልኩት። «ይቺን አራት ሰዓት ነው የጠበቅኳት» አለ።

ጠረጴዛው ላይ እየደረቀ ሳለ ለፓስፖርት ፎቶ የመጡ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው አዩት። «በግ ናት?» አሉን። ልጁ ጆሮዋን በጣቱ አሳያቸው። መነጽራቸውን አወጡና እንደገና ጎንበስ አሉ።